ሰው የሚመርጥ ንዴት፦ የአንድ የታክሲ ረዳት የሕክምና ዕቅድ

ፒያሳ አካባቢ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ወደ ቢሮዬ ከሚመጡት ጥቂቶቹ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለባቸው ናቸው። ይህ የአንዱ ታሪክ ነው። እሱ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዕድሜውን፣ መስመሩንና አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ። ረዳቱ እያልኩ እጠራዋለሁ፤ ሥራው የሚኒባስ ታክሲ ረዳትነት ነውና።

26 ዓመቱ ነው። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጧል። አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከአንድ ግሮሰሪ ደጅ፣ አብሮት የሚሠራን ሌላ ረዳት ግንባሩ ላይ በቢራ ጠርሙስ መታ። ልጁ ተሰፋ። ዓይኑ ለጥቂት ተረፈ።

ክሱ የቀረበው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። ታስቦ የሚፈጸም ቀላል የአካል ጉዳት ሆኖ፣ ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መሣሪያ የተፈጸመ ማለት ነው። ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ነው። ጠርሙሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዓይኑን አጥፍቶት ቢሆን ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 555 ይሄድ ነበር። እዚያ ደግሞ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለ። ይህን ለረዳቱ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ሽማግሌ ገባ፤ ካሳ ተከፈለ፤ ሁለቱ ይቅር ተባባሉ። ክሱ ግን በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚንቀሳቀስ ዓይነት ስላልነበር ቀጠለ። እርቁና ካሳው ለቅጣት ማቅለያ ጠቀመው። ፍርድ ቤቱ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወስኖ በ2 ዓመት ገደብ ለቀቀው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሌላ ወንጀል ከሠራ ያ የተገደበው ዓመት ይመጣበታል።

ሕክምና ያዘዘ ዳኛ የለም። ያመጣችው እህቱ ናት። ገና ሳትቀመጥ፣ “ጋሼ፣ ይሄን ንዴቱን ብቻ ያጥፉልኝ” አለችኝ። እሱ መስኮት መስኮቱን እያየ፣ “እኔ እብድ አይደለሁም” አለ። ጎረቤት “አማኑኤል ውሰዱት” ብሎ መክሮ ስለነበር እኔንም የዚያው ክፍል አድርጎኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ማጥራት ነበረብን፤ እኔ የምሠራው ለማን ነው? የምትከፍለው እህቱ ናት፤ በየሳምንቱ ምን እንዳወራን ማወቅ ፈልጋለች። ጠበቃው ደግሞ “ተሻሽሏል” የሚል ደብዳቤ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ሦስታችንም ባለንበት ተስማማን። እህቱ የምታውቀው መምጣቱንና መቅረቱን ብቻ ነው። ደብዳቤ ከተጻፈም መገኘቱን ይናገራል እንጂ ስለ ነገው አይተነብይም። ሰው ሊጎዳ መሆኑን ካወቅሁ ግን ዝም አልልም፤ ይህንን እሱ ፊት ለፊት ሰማኝ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ጉዳይ በሁለተኛው ወር ያነሱታል። እኔ ግን በወንጀል ጉዳይ የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ ነው ባይ ነኝ። ሰውየው የምትሰልልበት ከመሰለው፣ ከዚያ በኋላ የምትሰማው ሁሉ የተከሳሽ ቃል ነው።

ንዴት ወይስ ሰዓት?

ሁሉም ሰው ችግሩ ንዴት ነው ብሎ ወስኗል። እናቱ፣ እህቱ፣ ጠበቃው፣ ራሱም። “ደሜ ሲፈላ አላውቅም” ይላል። ለዚህ የተዘጋጀ ሕክምና አለ። አሜሪካዊው ሬይመንድ ኖቫኮ እ.ኤ.አ. በ1975 ካሳተመው ሥራ ጀምሮ ብዙ ተሠርቶበታል። የሰውነትን ግለት ማብረድ፣ ሐሳብን መመርመር፣ ሌላ ምላሽ መለማመድ። ጥሩ ሕክምና ነው። ግን መድኃኒቱን ከመስጠት በፊት በሽታው ያ መሆኑን ማየት ይገባል።

ስለዚህ በተቃራኒው ጠየቅሁት፤ ተናደህ ያልመታኸው መቼ ነው?

“ትራፊክ ሲቀጣህስ?”

“ዝም ነዋ ጋሼ። ምን አደርጋለሁ?”

“ተሳፋሪ ሲሰድብህ?”

“እሱማ ለምጄዋለሁ። አንዳንዴም እስቃለሁ።”

“ሹፌሩ ሒሳብ ሲያጎድልብህ?”

“ያበግነኛል። ግን እሱ እንጀራዬ ነው።”

ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያናድድ ሥራ እየሠራ ቀኑን ሙሉ ራሱን ይገዛል። ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ተንጠልጥሎ ከመቶ ሰው ጋር ስለ መልስ የሚከራከር ሰው ትዕግሥት የለውም ማለት ይከብዳል። ንዴቱ ሰው ይመርጣል፤ ሰዓትም ይመርጣል።

ከዚያ ወደ ጠቦቹ ገባን። በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ረዳቱ የቀድሞ ጥፋት የሌለበት ነው። ስንነጋገር ግን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሰው አቁስሏል፤ ሁለቱም በሽማግሌ አልቀዋል። እኛ አገር ይህ የተለመደ ነው። ሽምግልናው ሰፈሩን ያስታርቃል፤ ወረቀት ግን አይተውም። መዝገቡን ብቻ አይቶ “የመጀመሪያው ነው” የሚል ባለሙያ የአደጋውን መጠን አሳንሶ ይገምታል።

ሦስቱንም ጠቦች ደቂቃ በደቂቃ ወደኋላ ሄድንባቸው። ከምቱ ጀምረን ወደ ጠዋቱ። በቃላት ብቻ ስለሰለቸው ወለሉ ላይ የጠርሙስ ክዳኖች ደረደርን፤ እያንዳንዱ ክዳን አንድ ነገር ነው። ሦስቱም ረድፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል፣ ጫት። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የማታው ግፊያ። ሁለት ሰዓት ላይ ምርቃናው ይወርዳል፤ ሰውነቱ ይደክማል፣ ልቡ ግን አይተኛም። ያኔ ጨብሲ፣ ምርቃናውን የሚሰብር መጠጥ። ግሮሰሪው ውስጥ ገንዘብ ተቆጥሮ ይከፋፈላል። እዚያው ዙሪያውን ጓደኞቹ አሉ። ከዚያ አንድ ቃል።

የመጨረሻው ቃል ምን ነበር ብዬ ስጠይቀው ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ገንዘብ ሲቆጠር ጎደለ ተባለ፤ ያኛው ልጅ፣ “ቤት የሌለው ሰው ሳንቲም ምን ያደርግለታል?” አለው። የረዳቱ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን የኖረው ፒያሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለልማት ሲነሳ እናቱና እህቱ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። እሱ ሥራው እዚህ ስለሆነ ከሦስት ረዳቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ቀረ። ሌላ ሰው ቢለው ይስቅ ነበር ይሆናል። የተባለው ግን በእኩያው አፍ፣ በእኩዮቹ ፊት፣ በዚያ ሰዓት ነው።

ምን ይታከም? ምን ይቆይ?

ወንጀል የሠራ ሰው ሕክምና የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሮበርት ማርቲንሰን የእስረኞች ማረሚያ ፕሮግራሞችን ገምግሞ ውጤታቸው ተስፋ የሚሰጥ አይደለም አለ። ብዙዎች “ምንም አይሠራም” ብለው ተረጎሙት። ራሱ ማርቲንሰን በ1979 አቋሙን በከፊል አሻሽሏል፤ እሱን ግን የሰማ ጥቂት ነው። በ1990 እነ ዶን አንድሪውስ፣ ጄምስ ቦንታና ባልደረቦቻቸው ካናዳ ውስጥ ነገሩን ሌላ መልክ ሰጡት። ጥያቄው ሕክምና ይሠራል ወይ አይደለም፤ ለማን፣ ምን ላይ፣ እንዴት ሲሰጥ ነው የሚሠራው? የሕክምናው ብዛት ከአደጋው መጠን ጋር ይመጣጠን። ዒላማው ሰውየውን ወደ ወንጀል የሚገፋው ነገር ይሁን። አሰጣጡ ደግሞ ከሰውየው ትምህርት፣ ኑሮና ጠባይ ጋር ይግጠም። ቅጣት ብቻውን ግን ሰው ዳግም እንዳያጠፋ ሲያደርግ አላገኙትም። አዲስ አበባ ይህን ለማመን ትቸገራለች። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በቆመበት ሠፈር ዓለም በቃኝ የሚባል እስር ቤት ነበር፤ በስሙ ብቻ ሰው ይማራል ተብሎ የታሰበ ይመስለኛል።

በዚህ ሚዛን ስናየው ረዳቱ መካከለኛ አደጋ ላይ ነው። ነጥብ አልቆጠርኩለትም። አንድሪውስና ቦንታ ያዘጋጁት ባለ 54 ጥያቄ መመዘኛ አለ፤ እኔም እንደ ማስታወሻ ተጠቅሜበታለሁ። የነጥቡ ወሰኖች የተቀመሩት ግን በሰሜን አሜሪካ ታራሚዎች ላይ ነው። ለፒያሳ ረዳት “23 አግኝተሃል” ማለት ትክክል መስሎ የሚታይ ግምት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ መጠይቅ ግን ነጥብ ቆጠርኩ፤ 10 ጥያቄ ነው፣ ጣሪያው 40። 19 አገኘ። ከ8 ጀምሮ ያለው አሳሳቢ ነው፤ ከ20 ጀምሮ ደግሞ ጥገኝነት መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል። ጫፉ ላይ ስለቆመ መጠጥ ከመቀነሱ በፊት ሐኪም እንዲያየው አደረግሁ። ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሊገጥመው ይችላልና። እሱ ጠዋት አይጠጣም፤ እጁም አይንቀጠቀጥም። ሐኪሙ ቤቱ ሆኖ መቀነስ ይችላል አለ።

ከባልደረባዬ ጋር የተከራከርነው በሌላ ነገር ነው። ረዳቱ ልጅ እያለ አባቱ በቀበቶ ይገርፈው ነበር። ባልደረባዬ “ቁስሉ እዚያ ነው፣ ከዚያ ጀምር” አለችኝ። ቁስል መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ወለሉ ላይ ከደረደርናቸው ክዳኖች መካከል አባቱ የለም። የሚያመው ነገር ሁሉ ሰው የሚያስመታው ነገር አይደለም። የገደቡ ጊዜ እየሮጠ ነው፤ ሌላ ሰው ከመጎዳቱ በፊት መቋረጥ ያለበት ሰንሰለት አለ። የአባቱን ጉዳይ እሱ ሲያነሳው እንሰማዋለን፤ ዕቅዱ ግን በእሱ አይጀምርም። የቤቱ መፍረስ ግን ገባ። እሱ ሰንሰለቱ ውስጥ ራሱ አለ።

ትልቁ ራስ ምታት ጓደኞቹ ነበሩ። መጻሕፍቱ የሚሉት ግልጽ ነው፤ ከሚያጠፉ እኩዮች ይራቅ። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የረዳቱ ጓደኞች ግን የክፍል ኪራይ ተጋሪዎቹ ናቸው። እቁቡም ከእነሱ ጋር ነው፤ ገና አልደረሰውም። ሲታመም ተክተውት የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ለካሳው ገንዘብ ያዋጡትም እነሱ ናቸው። ከእነሱ ቁረጠው ማለት በአንድ ቀን ቤቱን፣ ቁጠባውንና መድኑን ቁረጥበት ማለት ነው። ሥራና መጠለያ ያጣ ሰው ደግሞ ወደ ወንጀል ይቀርባል እንጂ አይርቅም። ስለዚህ ጓደኞቹን ሳይሆን ከጓደኞቹ ጋር የሚያሳልፈውን ሰዓት ለመቀየር ወሰንን።

ዕቅዱ

ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ሆነ። የጠዋቱ ግፊያ ያለፈበት ስለሆነ ገቢው ብዙም አይነካም፤ ጫትም ገና አልተነካም። የቤት ሥራ በወረቀት አልሰጠሁትም። ማታ ማታ በስልኩ ድምፁን ይቀዳል፤ ምን ሰዓት ነው፣ ማን አለ፣ ሆዴ ምን ይላል። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ የነካነው ሒሳቡን ነው። ይህን ሐሳብ ያመጣው ራሱ ነው። “ጋሼ፣ ገንዘቡ ማታ ባይቆጠርስ?” አለኝ። ሹፌሩን አነጋገረው። ሹፌሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ማታ የሚነሳው ጭቅጭቅ እሱንም እንደሰለቸው ነገረው። አሁን ማታ ገንዘቡ ከነቦርሳው ለሹፌሩ ይሰጣል። የረዳቱ ድርሻ ጠዋት በቴሌብር ይገባለታል። ቀላል ነገር ነው። እኔ ከማውቃቸው የሕክምና ዘዴዎች ሁሉ በዚህ ጉዳይ ላይ የበለጠ የሠራው ግን ይህ ይመስለኛል። ማታ ኪሱ ባዶ ስለሆነ ግሮሰሪ የመቀመጥ ምክንያቱም ቀነሰ።

መጠጡና ጫቱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። መጠጡን ብቻ ብናነሳው ምርቃናው ሳያስተኛው ያድራል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ቁጡ ነው። ስለዚህ ጫቱን ወደፊት ሳብነው፤ ከስምንት ሰዓት ወደ ስድስት ሰዓት፣ መጠኑም ግማሽ። ጭራሽ ተው አላልኩትም። ጫት በአገራችን ሕግ የተከለከለ አይደለም፤ እሱም ለመተው አልተዘጋጀም። ያልተዘጋጀን ሰው ስትጎትተው “አዎ ጋሼ” ይልሃል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አታየውም። ጨብሲው ግን ዜሮ እንዲሆን ተስማማን። ሦስቱም ጠቦች ላይ ነበረና እሱም አልተከራከረኝም።

እናቱ ጠበል ፈልገው ነበር፤ እንጦጦ፣ ለሁለት ሳምንት። ረዳቱ ይህን ሲነግረኝ የምቆጣ መስሎት ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ጫት ይቅማል? “ኧረ በጭራሽ!” አለ። በጣም ጥሩ። ከማክሰኞው ቀጠሮ በቀር ይሂድ ተባለ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አልቃመም፤ አልጠጣም። እናቱ ጠበሉ ነው ይላሉ። እኔ አልተከራከርኳቸውም።

ሐሳቡ ላይ ስንደርስ ነገሩ ከበደ። “ዝም ካልኩ ይንቁኛል፤ ከናቁኝ በዚህ መስመር አልሠራም።” ይህ እምነቱ ነው፤ ሙሉ በሙሉም ውሸት አይደለም። ተራ ላይ የተናቀ ረዳት ወረፋው ይበላል። ስለዚህ “ልክ አይደለህም” አላልኩትም። በመስመርህ ላይ ሳይደባደብ የሚከበር ማን አለ ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ አሰበ። ከዚያ አንድ የድሮ ተራ አስከባሪ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ሁሉም ግን “ጋሼ” ይለዋል። ሳምንቱን ሙሉ እሱን እንዲያይ ላክሁት። ሲሰደብ ምን ያደርጋል? ረዳቱ ተገርሞ ተመለሰ። “ሰውየው አይመልስም፤ ስድቡን ለሳቅ ያዞረዋል። ካልሆነ ‘ነገ እናወራለን’ ብሎ ይሄዳል።” ይህን ቢሮ ውስጥ ደጋግመን ተለማመድነው። እኔ ተሳዳቢ እሆናለሁ። “ቤት የሌለው” የምትለዋን ቃል ስናገር የመጀመሪያው ጊዜ ፊቱ ጠቆረ። እያደር ግን፣ “ቤትማ ነበረኝ፤ አሁን መንገድ ሆኗል፣ ና እንረማመድበት” ማለት ጀመረ። ቀልዱ የራሱ ነው። ከቀልዱ ሥር ያለውን የማይቀለድበትን ነገር አገኘን ማለት ነው፤ ሰፈሩን። ስለ እሱ ብቻ ሁለት ቀጠሮ አወራን።

ቅዳሜና እሑድ ማታ እህቱ ጋ ያድራል። ከክፍሉ ልጆች አንዱ አይጠጣም፤ ረዳቱ የሚያምነው እሱን ነው። ነገር ሲሞቅ “እንሂድ” ብሎ ክንዱን የሚይዘው እሱ እንዲሆን ተስማሙ። ይህ ልጅ አንድ ጊዜ ቢሮዬ መጥቶ፣ “እኔኮ ድሮም እይዘው ነበር፤ ግን አስፈቅጄ አይደለም” ብሎ አስቆናል።

እስካሁን

ስድስት ወር ሆነው። ጠብ የለም። የመጠጥ ነጥቡ 7 ደርሷል። ይህን ሁሉ በእሱ ቃልና በእህቱ ምስክርነት ነው የማውቀው፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ አልይዘውም። ፋሲካ ማግስት ግን ጠጥቷል፤ ብዙ። ከአንድ ሰው ጋርም ተፋጥጦ ነበር። ያ ልጅ ክንዱን ያዘው፤ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ረዳቱ ሁለት ማክሰኞ ቀረ። ስደውልለት ስልኩን አነሳ፣ “አፍሬ ነው” አለኝ። ሲመጣ ያቺን ማታ እንደገና በክዳን ደረደርናት። የተቋረጠው የት ላይ እንደሆነ ራሱ አሳየኝ፤ ከቃሉና ከእጁ መካከል አንድ አዲስ ክዳን አስቀመጠ። ድሮ እዚያ ምንም አልነበረም።

ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ሹፌሩ መኪናውን ሊያስረክብ ነው፤ ባለቤቱ ሸጦታል። የማታው ሒሳብ የቆመው በአንድ ሰው ፈቃደኝነት ነበር። አዲሱ ሹፌር “ማታ ቆጥረህ አስረክብ” ካለ ሰንሰለቱ ተመልሶ ይገጠማል። ስለዚህ ያለፉትን ሦስት ቀጠሮዎች ያዋልነው በአንድ ልምምድ ነው። እኔ የማላውቀው ሹፌር እሆናለሁ፤ ረዳቱ ስለ ሒሳቡ ይጠይቀኛል። የገደቡን ነገር መናገር አለበት ወይስ የለበትም? አልወሰነም። ትናንት፣ “ለምን ማታ አትቆጥርም?” ስለው፣ “ማታ ቁጥር ይሳሳትብኛል” አለ። እኔ ደግሞ እንደ ክፉ ሹፌር፣ “እንግዲያው ቁጥር የሚያውቅ ረዳት እፈልጋለሁ” አልኩት። አሰበ። “እሺ፣ ለሳምንት ይሞክሩኝ፤ ከጎደለ ከእኔ ላይ ይቁረጡ” አለ። ሰኞ አዲሱን ሹፌር ሊያገኘው ቀጠሮ ይዟል።